«የጥናት ኪኒን» እና የጅማ ጫት፦ የሚሸጠው ንቃት ነው ወይስ ጭንቅላት?

የፈተና ሰሞን በመጣ ቁጥር አንድ ወሬ አብሮ ይመጣል። «አእምሮ የሚከፍት ኪኒን አለ»፣ «ውጭ ያሉ ተማሪዎች እኮ ይሄን ወስደው ነው የሚያጠኑት»፣ «አንዴ ካነበብክ አይጠፋብህም» ይባላል። ግማሹ ሰው ዋጋውን ይጠይቃል፣ ግማሹ ደግሞ ትውልዱ በአደንዛዥ ዕፅ አለቀ ብሎ ይጮሃል። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ይመስላቸዋል እንጂ በአንድ ስም እየጠሩ ያሉት አራት አምስት የተለያየ ነገር ነው፤ ለሕመም በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት አለ፣ ቫይታሚን አለ፣ ኢነርጂ ድሪንክ አለ፣ ከውጭ በሻንጣ ገብቶ ያለ ካርቶን ያለ ወረቀት የሚሸጥ ምንነቱ የማይታወቅ እንክብልም አለ።

ጅማ ላይ ደግሞ ነገርየው ሌላ መልክ ይይዛል። እዚህ ቡናውም ጫቱም ደጅ ላይ የሚበቅል ነው፣ ከዋናው ግቢ ወጥቶ ተማሪው ሊቅም የሚሄድበት ቆጪ ሰፈር ድረስ ለመሄድ ታክሲ እንኳን አያስፈልግም፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ጫት በአእምሮ ላይ ስለሚያመጣው ጣጣ ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ለዓመታት ያጠና ተቋም ነው። ታዲያ «ተማሪው ለጥናት ብሎ ጭንቅላት የሚያነቃ ነገር መውሰድ ጀመረ» ሲባል የሚገርመው «ጀመረ» የሚለው ቃል ነው። ነገሩ ድሮም ነበረ፣ አሁን የተጨመረው ኪኒኑ ብቻ ነው። እንደውም ስለ ኪኒኑ የሚወራውን በትክክል ለመረዳት የሚቀለው ከጫቱ ተነስቶ ማየት ነው፤ በኬሚስትሪም ቢሆን ያን ያህል አይራራቁም።

መጀመሪያ ስሙን እንለየው

«ኖትሮፒክ» የሚለውን ቃል ያወጣው ኮርኔሊዩ ጁርጃ የሚባል የሩማንያ ተወላጅ ሳይንቲስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1972። ከግሪክ የተወሰደ ሆኖ አእምሮን ወደ አንድ ነገር ማዞር እንደማለት ነው። ሰውየው ቃሉን ሲያወጣ መስፈርትም አስቀምጦ ነበር፦ ትምህርትንና ትውስታን ማገዝ፣ ደግሞም የጎንዮሽ ጉዳቱ እዚህ ግባ የማይባል መሆን አለበት። በዚህ መስፈርት ከሄድን ዛሬ ኖትሮፒክ እየተባለ ከሚሸጠው አብዛኛው ይወድቃል፤ የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው ጥቅሙም የለም፣ ጥቅም ያለው ደግሞ ጉዳቱም አብሮት አለ።

አሜሪካና አውሮፓ ላይ «ስማርት ድራግ» ሲባል በብዛት የሚነሱት ሦስት ናቸው። አንደኛው ሪታሊን ነው፣ የመድኃኒቱ ስም ሚታይልፌኒዴት። እ.ኤ.አ. በ1944 ባዝል ከተማ ሲባ የሚባል ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሊያንድሮ ፓኒዞን የሚባል ኬሚስት የሠራው ሲሆን ስሙን ያወጣለት በሚስቱ ነው፣ ሚስቱ ሪታ ትባል ነበር። ሁለተኛው አዴራል ነው፣ እሱ አምፌታሚን ነው፤ አምፌታሚን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1887 በርሊን ላይ የተሠራ አሮጌ ኬሚካል ነው። እነዚህ ሁለቱ በሕክምና የሚታዘዙት በዋናነት ኤዲኤችዲ ላለበት ሰው ነው፣ ማለትም ከልጅነት ጀምሮ ትኩረትን መያዝ፣ አንድ ቦታ መርጋትና ስሜትን መግታት ለሚያቅተው ሰው። ሦስተኛው ሞዳፊኒል ነው፣ ከፈረንሳይ የመጣ፤ እሱ የሚሰጠው ለናርኮሌፕሲ ነው፣ ቀን በሥራ መሀል ሳያስቡት እንቅልፍ ለሚጥላቸው ሕመምተኞች።

ሦስቱም በሕክምና የሚታዘዙት የጎደለን ነገር ለመሙላት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ምንም ያልጎደለው ሰው ሲወስዳቸው ምን ይሆናል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፣ ክርክሩም ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጫት ከአምፌታሚን ጋር ምን ያገናኘዋል

ጫት ውስጥ ያለው ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የዕፅ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፣ አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ብዙ ተመራማሪዎች የተፈጥሮ አምፌታሚን ይሉታል። ከዚያ በፊት የጫት ጉልበት ካቲን ከሚባለው ደካማ ንጥረ ነገር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር፣ ምክንያቱም ቅጠሉ አውሮፓ ላቦራቶሪ እስኪደርስ ድረስ ይደርቅና ካቲኖኑ ወደ ካቲን ተለውጦ ይጠብቃቸዋል። በሁለት ቀን ውስጥ አብዛኛው ይለወጣል። ጫት ነጋዴው ይሄን ላቦራቶሪ ሳይገባ ነው የሚያውቀው፤ በኮባ ጠቅልሎ፣ ውሃ ረጭቶ፣ በሌሊት መኪና የሚያስሮጠው ለዚህ ነው፣ የትናንት ጫት ዋጋው የሚወርደውም ለዚሁ ነው።

እንዴት ነው የሚሠራው ከተባለ፣ የአእምሮ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡት በኬሚካል ነው፣ ከእነሱ ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው «ይሄ ነገር ይጠቅማል፣ ቀጥልበት» የሚል ስሜት የሚሰጠው ነው፣ ኖርኢፒነፍሪን ደግሞ ነቅቶ የመጠበቅ ነው። ሪታሊን እነዚህ ኬሚካሎች ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ሴሉ እንዳይመለሱ በሩን ይዘጋል። አምፌታሚንና ካቲኖን ደግሞ ከዚያም አልፈው ተጨማሪ ከውስጥ ያስወጣሉ። ውጤቱ ያው ነው፣ አሰልቺ የነበረው ሃንድአውት ድንገት ይጥማል፣ ረሃብ ይጠፋል፣ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል።

ቡና ግን የተለየ መንገድ ነው ያለው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አእምሮ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፣ እሱ ነው «በቃ ተኛ» የሚለን። ካፌይን የሚቀመጠው አዴኖሲን በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ነው። ድካሙን አላጠፋውም፣ መልእክቱን ነው ያስቀረው፤ ስለዚህ ካፌይኑ ሲወጣ ተጠራቅሞ የቆየው አዴኖሲን በአንድ ጊዜ ይገባል፣ «ቡናው ለቀቀኝ» የሚባለው ያ ነው።

በቃሚው ቋንቋ ብናየው የጫቱ ጉዞ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሰውነት ይሟሟቃል፣ ከዚያ ምርቃና ይመጣል፣ ሰው ወሬ ይወዳል፣ ዕቅድ ይበዛል፣ ቀጥሎ ዝምታና ትክዜ፣ በመጨረሻ እንቅልፍ እምቢ ማለት፣ በማግስቱ ሀራራ። ካቲኖን ደም ውስጥ ጫፍ የሚደርሰው መቃም ከተጀመረ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። ይሄ ደረጃ ለጥናት ምን ማለት እንደሆነ ለየብቻ መታየት አለበት፤ የምርቃናው ሰዓት ለወሬ እንጂ ለካልኩለስ የሚመች መሆኑ አጠራጣሪ ነው፣ ጸጥ የሚባልበት ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ ገጽ ላይ ግማሽ ሰዓት ማፍጠጥ አለ፣ ቸካዩ ራሱ የሚያውቀው ነገር ነው።

ሕጉም ላይ አንድ ግርምት አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ካቲኖን በጣም ጥብቅ በሆነው ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው፣ ቅጠሉ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ኔዘርላንድስ በ2013 እንግሊዝ በ2014 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ቅጠሉንም ከለከሉት፣ እኛ ጋ ደግሞ ሕጋዊ ሸቀጥ ነው፣ ቀረጥ ይከፈልበታል፣ ዶላር ያመጣል። በሩጫው ዓለም ደግሞ ካቲን በውድድር ሰዓት ሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን በላይ ከተገኘ ዶፒንግ ነው። እንግዲህ አንድ አትሌታችን ቅሞ ቢሮጥ ሜዳሊያውን ሊቀማ ይችላል፣ ተማሪው ግን ቅሞ ቢፈተን አጭበረበርክ የሚለው የለም።

ታዲያ ይሠራል ወይ?

መልሱ «ምኑ ነው የሚሠራው?» ከሚለው ይጀምራል። ነቅቶ ማቆየት ከሆነ አዎ፣ ሁሉም ይሠራሉ። ድካም ያለበትን ሰው ወደነበረበት መመለስ ከሆነም በመጠኑ አዎ። ጤነኛ፣ የተኛና የበላ ሰውን ከነበረበት በላይ ጎበዝ ማድረግ ከሆነ ግን ማስረጃው ይሳሳል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ሙከራ ነገሩን ግልጽ አድርጎ ያሳያል። 40 ጤነኛ ሰዎችን ወስደው፣ አንዴ ሚታይልፌኒዴት፣ አንዴ ከአምፌታሚን ዓይነት አንዱን፣ አንዴ ሞዳፊኒል፣ አንዴ ደግሞ ፕላሲቦ ሰጧቸው፤ ፕላሲቦ ማለት መልኩ መድኃኒት የሆነ ውስጡ ግን ምንም የሌለው ኪኒን ነው። ከዚያ እንቆቅልሽ ሰጧቸው፦ ክብደቱ የተወሰነ ሻንጣ ውስጥ የትኞቹን ዕቃዎች ብትከት ነው ጠቅላላ ዋጋው የሚበዛው? መድኃኒቱን የወሰዱት ብዙ ጊዜ ፈጁ፣ ዕቃውን ብዙ ጊዜ አወጡ አስገቡ፣ ልፋታቸው ጨመረ፣ የመልሳቸው ጥራት ግን ወረደ። የባሰው ደግሞ በፕላሲቦው ቀን ከአማካይ በላይ የነበሩት በመድኃኒቱ ቀን ከአማካይ በታች የመሆን አዝማሚያ ማሳየታቸው ነው። ላብ ነበረ፣ ስልት ግን ጠፋ።

ከዚያ አስር ዓመት ቀደም ብሎ አሜሪካ ውስጥ በአምፌታሚን ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ነበር፣ 46 ጤነኛ ሰዎች የተሳተፉበት። በብዙ የትውስታና የማሰብ መለኪያ ሲፈተኑ በመድኃኒቱና በፕላሲቦው መካከል ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። አንድ ነገር ላይ ግን ልዩነት ነበረ፦ መድኃኒቱን የወሰዱበት ቀን «ዛሬ በጣም ጥሩ ሠራሁ» ብለው አመኑ። ይሄ ለብዙ ክርክር መልስ ይሰጣል። «እኔ ሞክሬው ይሠራል» የሚለው ሰው እየዋሸ አይደለም፣ የዶፓሚን ሥራ ራሱ ያ ነው፣ የሠራነውን ነገር ያስወድደናል፤ ስለዚህ ስለ ኪኒኑ ምስክርነት እንዲሰጥ የተጠየቀው ጭንቅላት ኪኒኑ የደለለው ጭንቅላት ነው።

ለሞዳፊኒል የሚከራከሩ ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ 24 ጥናቶችን የገመገመ ጽሑፍ ረዘም ያለና የተወሳሰበ ሥራ ላይ፣ ለምሳሌ ዕቅድ ማውጣትና መወሰን ላይ፣ ጤነኛ ሰውንም ሊያግዝ ይችላል ብሏል። ግን እነዚህ በብዛት አንድ ጊዜ ወስደው የተለኩ ሰዎች ናቸው፣ ሴሚስተር ሙሉ የወሰደ ተማሪ አይደሉም፤ ከአንድ ኪኒን ተነስቶ ስለ አራት ወር መናገር ደግሞ አይቻልም።

ሌላው ነገር የመነሻው ልዩነት ነው። ዶፓሚን ሲያንስም ሲበዛም አእምሮ ይበላሻል፣ መሀል ላይ ነው የሚሻለው፣ ልክ እንደ ወጥ ጨው። መነሻው ዝቅ ያለበት ሰው ሲጨመርለት ይስተካከላል፣ ከበቂው ላይ ያለው ሲጨመርለት ይጨነቃል፣ ይቅበዘበዛል፣ አንድ ነገር ላይ ይደርቃል። አንዱን ያነቃው ነገር የዶርሙን ልጅ ያሳበደው የሚሆነው በዚህ ነው።

ጫትን በተመለከተ ኔዘርላንድስ ውስጥ ላይደን ዩኒቨርሲቲ አዘውትረው የሚቅሙ ሰዎችን ከማይቅሙ ጋር አስተያይቶ ነበር፣ የሚቅሙት ራስን በመግታት፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ በመቀየርና የሥራ ትውስታ በሚባለው ላይ ደከም ብለው ተገኙ። የሥራ ትውስታ ማለት የምናስበውን ነገር ለጊዜው ጭንቅላት ላይ ይዞ የማቆየት አቅም ነው፣ ሒሳብ ስንሠራ የያዝነውን ቁጥር ማለት ነው። አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ የተሠሩ ዳሰሳዎችም አንድ ነገር ደጋግመው ያሳያሉ፤ ተማሪው ለምን ትቅማለህ ሲባል ከፊት ከሚሰለፉት መልሶች አንዱ «ለጥናት» ነው፣ ነገር ግን የሚቅሙት ውጤት ብዙ ጊዜ ከማይቅሙት ያነሰ ነው። እዚህ ጋ መቸኮል አያስፈልግም። ጫቱ ነው ውጤቱን ያወረደው ወይስ ውጤቱ የወረደበት፣ የጨነቀው ልጅ ነው ወደ ጫት የሚሄደው? ዳሰሳ ብቻውን ይሄን አይለይም፣ ምናልባት ሁለቱም አንዱ አንዱን እየገፋው ነው። ግን ቢያንስ «የሚቅም ይሰቅላል» የሚለው የግቢ አፈ ታሪክ በቁጥር ሲታይ አይቆምም።

ሒሳቡ የሚወራረደው እንቅልፍ ላይ ነው

አብዛኛው ክርክር የሚስተው ይሄን ነው። ሰው ቀን ያነበበው ነገር መጀመሪያ የሚቀመጠው ለጊዜው ነው፣ ወደ ቋሚ ማኅደር የሚገባው በአብዛኛው ተኝቶ እያለ ነው። ስንተኛ አእምሮ የቀኑን ነገር መልሶ ያነሳዋል፣ ያያይዘዋል፣ የማይረባውን ይጥላል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ አጥንቶ ሳይተኛ ፈተና የገባ ሰው አጨደ እንጂ ወደ ጎተራ አላስገባም።

ያለ እንቅልፍ መቆየት ራሱ ስካር ነው፣ ይሄ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 አውስትራሊያ ውስጥ በተሠራ ሙከራ 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው እጅና ዓይን የማቀናጀት ብቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል፣ 24 ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ ተጠጋ። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ እስከ ንጋት ቸክሎ ፈተና የሚገባ ልጅ ማንም «ሰክረሃል» አይለውም፣ «ጎበዝ» ነው የሚለው።

ካፌይንም ቢሆን ቶሎ አይወጣም፣ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ማታ 2 ሰዓት የተጠጣ ቡና ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ። ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን ችግር የለውም ይላል የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን፣ በአንድ ጊዜ ከ200 እንዳያልፍ። አንድ 250 ሚሊሊትር ኢነርጂ ድሪንክ ብዙ ጊዜ 80 ሚሊግራም ይይዛል። የጅማ ልጅ ሦስት ሲኒ ቡና፣ መሀል ላይ ስፕሪስ፣ ከዚያ ሁለት ኢነርጂ፣ ከጫቱ ጋር ደግሞ ኮካ ሲጠጣ ማን ይደምራል?

ጫት ላይ ደግሞ የሚከተለው ሰንሰለት አለ። ከበርጫ የተነሳ ሰው እንቅልፍ አልመጣ ሲለው ጨብሲ ይፈልጋል፣ ማለትም ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ። አልኮል እንቅልፍ ያመጣል ግን የእንቅልፉን ጥራት ያበላሻል፣ ትውስታ የሚደላደልበትን ክፍል ይቆራርጠዋል፣ ከተተኛም ዱካክ፣ ማለትም የሚያስጨንቅ ቅዠት አለ። አንዳንዱ ከመጠጥ ይልቅ የእንቅልፍ ኪኒን ይፈልጋል። ጠዋት ደግሞ ለመንቃት ቡና፣ ከሰዓት እንደገና ጫት። ይሄኔ ሰውየው ጫቱን የሚቅመው ጎበዝ ለመሆን መሆኑ ይቀርና ዛሬ እንደ ትናንቱ ሰው ለመሆን ይሆናል። ኪኒኑም ሲለመድ ተመሳሳይ ነው፣ ሱስ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚህ በር ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ በሥነ ልቦና ሳይንስ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ትውስታ ይባላል። ሰው አንድን ነገር በተማረበት የአካልና የስሜት ሁኔታ ውስጥ ሲሆን ይበልጥ ያስታውሰዋል። መርቅኖ ያጠና ልጅ ፈተና የሚቀመጠው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፣ በሀራራ። «ማታ እኮ በደንብ ገብቶኝ ነበር» የሚለው ቅሬታ ከየት እንደሚመጣ በከፊል ይሄ ያስረዳል።

ለምን ይፈለጋል የሚለው ከባሕርይ በላይ ነው

ተማሪውን «ሱሰኛ» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፣ ግን ፍላጎቱን የሚፈጥረው አሠራር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፣ 50 በመቶ ማምጣት ግዴታ ነው፤ የአራት የአምስት ዓመት ትምህርት በአንድ ቁጭታ ይጠየቃል። ከዚያ በፊት ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ አብዛኛው ተፈታኝ ግማሽ ነጥብ እንኳ እንዳላመጣ አገር ያወቀው ነው፣ በሪሚዲያል በኩል የገባው ልጅ ገና ፍሬሽማን ሳይሆን ዲስሚሳል እያስፈራራው ነው የሚጀምረው። ሕክምና ተማሪው ደግሞ ኢንተርን ሲሆን የሌሊት ተረኛ አድሮ ጠዋት ራውንድ ላይ ጥያቄ ይጠብቀዋል።

በዚህ ላይ ዶርሙን ጨምሩበት፣ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል፣ አንዱ ሲተኛ አንዱ መብራት ያበራል፣ አንዱ ፊልም ያያል። ላይብረሪ ቦታ መያዝ ራሱ ውድድር ነው። ሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይ ይንቀረፈፍና መጨረሻው ላይ አሳይመንቱ፣ ፕሬዘንቴሽኑ፣ ፋይናሉ በሁለት ሳምንት ይደራረባል። እንዲህ በተሠራ ካላንደር ውስጥ ሌሊት መሰረቅ ያለበት ነገር ይሆናል፣ ሌሊት ለመስረቅ ደግሞ መሣሪያ ያስፈልጋል። ጫት ቤቱ ግቢው አጠገብ የተከፈተው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጅማ ላይ ሌላም ነገር አለ፣ ሌሊትን በጫትና በቡና መግፋት እዚህ አካባቢ ክብር ያለው ሥርዓትም ነው። ዱዓ የሚያደርጉ አባቶች ቅጠሉን የሚይዙት ለአምልኮ ነቅተው ለማደር ነው፣ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ የሚመራው ሽማግሌ አለ፣ በየቀኑ አይደለም። ከገጠር የመጣ ተማሪም ቤቱ አባቱ ሲቅሙ ያየው ነገር ስለሆነ እንደ ዕፅ አያየውም። ተማሪው ቅጠሉን ወሰደና ሥርዓቱን ተወ ማለት ይቻላል፤ ቅጠሉ ያው ነው፣ ማቆሚያውን የሚናገር ሰው ግን ዶርም ውስጥ የለም።

ማጭበርበር ነው ወይስ መብት?

እ.ኤ.አ. በ2008 «ኔቸር» የሚባለው የሳይንስ መጽሔት አንባቢዎቹን ጠይቆ ነበር፣ ከ60 አገር 1,400 ሰው መለሰ፣ ከአምስት አንዱ ያለ ሕመም ትኩረት ወይም ትውስታ ለማሻሻል መድኃኒት ወስጄ አውቃለሁ አለ። መላሾቹ ራሳቸው ፈቅደው የመለሱ ስለሆኑ ቁጥሩ የዓለምን ሕዝብ አይወክልም፣ ግን ከመላሾቹ ብዙዎቹ ጎረምሳ ሳይሆኑ የሳይንስ ሰዎች መሆናቸው ብዙ አነጋገረ። በዚያው ዓመት እዚያው መጽሔት ላይ የጻፉ ምሁራን ጤነኛ አዋቂ ሰው በኃላፊነት እንዲጠቀም ይፈቀድለት፣ ጥናት ይደረግበት፣ አስገዳጅነት ግን ይከልከል ብለው ተከራከሩ። የእነሱ ሐሳብ፣ ጥሩ ትምህርት ቤት፣ አስጠኚ፣ ቡና፣ እነዚህም እኮ ጭንቅላት የሚያሻሽሉ ናቸው፣ ኪኒኑን የሚለየው ምንድነው የሚል ነው።

ተቃራኒው ወገን ሦስት ነገር ያነሳል። አንደኛ ፍትሕ፣ ገንዘብ ያለው ብቻ ይገዛዋል። ሁለተኛ ግፊት፣ ጎኔ ያለው ሁሉ ከወሰደ እኔም ሳልፈልግ መውሰዴ ነው። ሦስተኛ ደኅንነት። ዱክ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ያለ ሐኪም ማዘዣ ለትምህርት ብሎ መድኃኒት መውሰድን በማጭበርበር ሥር አስገብቶታል። እኛ አገር ይሄ ክርክር ብዙም አልተጀመረም፣ ዩኒቨርሲቲዎች ጫትን የሚከለክሉት እንደ ዲሲፕሊን ጉዳይ ነው እንጂ እንደ ፈተና ማጭበርበር አይደለም። በእኔ ግምት የማጭበርበሩ ክርክር ለእኛ ቀዳሚው አይደለም። ማጭበርበር ለማለት መጀመሪያ ብልጫ መስጠት አለበት፣ ብልጫውን ደግሞ እስካሁን አላየነውም፤ የግፊቱ ነገር ግን እውነተኛ ነው፣ ዶርም ውስጥ ሁሉም ማታ ወጥቶ እሱ ብቻ የተኛ ልጅ ሰነፍ የሆነ ይመስለዋል።

ኪኒኑ እየሰፋ ቢመጣስ

የሚመጣው አደጋ ከጫቱ የሚለይባቸው ነገሮች አሉ። ጫት ራሱን ይገድባል፣ አፍ ይሞላል፣ መንጋጋ ይደክማል፣ ሰዓት ይወስዳል። ኪኒን ግን በአንድ ጉንጭ ውሃ ያልቃል፣ መጠኑን በሦስት እጥፍ ማድረግ ሁለት ሰከንድ ነው። ከጫት ጋር ሲደረብ ደግሞ ሁለት አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ነገሮች ልብ ላይ ይደራረባሉ፤ ግፊት ያለበት፣ የልብ ችግር እንዳለበት የማያውቅ ልጅ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ጥርጣሬ፣ ድምፅ መስማት፣ «ይከታተሉኛል» ማለት ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ከልክ ያለፈ ጫትም ይሄን እንደሚያመጣ ጅማ ያሉ ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል።

ከዚያ ደግሞ ኪኒኑ የሚባለውን ነው ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከአሥር የሕክምና ምርት አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። ያ በመደበኛ መስመር የሚያልፈውም ተጨምሮ ነው። በቴሌግራም ታዝዞ በሞተር የሚመጣው እንክብል ውስጥ ምን እንዳለ የሻጩም እናት አታውቅም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፣ እንደ ሪታሊን ያሉት ደግሞ ልዩ ማዘዣ የሚፈልጉ ናቸው፤ ስለዚህ «ያለ ማዘዣ አለኝ» የሚል ሰው ወይ ሕግ እየጣሰ ነው ወይ ሌላ ነገር እየሸጠ ነው።

ቁጥጥር ብቻውን የት ድረስ እንደሚሄድ ደግሞ ከጫት ቤቶቹ ማየት ይቻላል። በየጊዜው ዘመቻ ይደረግና ግቢ አካባቢ ያሉ ጫት ቤትና ሺሻ ቤቶች ይታሸጋሉ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ በር። ፋይናሉ እስከተደራረበ፣ ላይብረሪው እስከጠበበ ድረስ ፈላጊው አይጠፋም። ፈተናዎችን ማራራቅ፣ ዶርም ውስጥ የመብራት ሰዓት ማስከበር፣ ላይብረሪን ማስፋት ዜና አይሆንም፣ ለካሜራ አይመችም፣ ሌሊቱን ለተማሪው የሚመልሰው ግን እሱ ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል የሚረሳ አንድ ልጅ አለ። በእውነት ኤዲኤችዲ ያለበት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «ቀዥቃዣ» ሲባል ያደገ፣ ጭንቅላት እያለው ወረቀት ጨርሶ ማስረከብ ያቃተው። እንደዚህ ዓይነት ልጅ እኛ ጋ በአብዛኛው ሳይመረመር ነው ዩኒቨርሲቲ የሚደርሰው፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም ቁጥር ከሕዝቡ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ጅማ ላይ ሆስፒታሉ የሥነ አእምሮ ክፍል ስላለው ዕድለኛ ነው፣ ሄዶ ሊታይ ይችላል። ችግሩ «የጥናት ኪኒን» የሚለው ወሬ እየገነነ በሄደ ቁጥር እሱ በማዘዣ የሚወስደውን መድኃኒት ጓደኞቹ ሽጥልን ይሉታል፣ መምህሩ በጥርጣሬ ያየዋል፣ ቤተሰቡ «ዕፅ ጀመርክ እንዴ» ይለዋል፣ እሱም አፍሮ ይተወውና ማታ ማታ እንደ ሌላው ቆጪ መውጣት ይጀምራል።